የአባትህ ክላሽና የቋራ ወርቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ነዋሪነቴ አዘዞ ነው። ከጥምቀት በኋላ ከአምስት ጓደኞቼ ጋር ወደ ቋራ ቆላ ወርደን ወንዝ ለወንዝ ወርቅ ልንሞክር አስበናል። አንዱ ጓደኛችን ዲቴክተር (ብረት ፈላጊ ማሽን) አለው። አባቴ ክላሽ አላቸው፤ «ያለ ጠመንጃ ቆላ አይወረድም፣ ይዘኸው ሂድ» ብለውኛል። ሁለቱ ልጆች ደግሞ ሽጉጥ እንጨምር ይላሉ። ሠርግ ላይ ተኩሻለሁ እንጂ ለሳምንታት መሣሪያ ተሸክሜ አላውቅም። በመኪና እንዴት ይያዛል? ጉድጓድ ስንቆፍርና ሌሊት ስንተኛስ የት ይቀመጣል? ውሻ ይዘን ብንሄድስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አንተ ከመኪናው ጀመርክ፤ እኛ ግን ከአባትህ እንጀምራለን። ክላሹ የተመዘገበው በእሳቸው ስም ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ለቤት አይደለም። አባት ለልጅ፣ ወንድም ለወንድም «ይዘኸው ሂድ» ብሎ የሚያውሰው ዕቃ አይደለም። ኬላ ላይ «የአባቴ ነው» ማለት ለአንተ መከላከያ አይሆንህም፤ ለእሳቸው ደግሞ ክስ ይሆንባቸዋል። አንተ ትታሰራለህ፣ እሳቸው መሣሪያቸውንም ፈቃዳቸውንም ያጣሉ። የልጆቹ ሽጉጥም ያለ ፈቃድ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልሳችን አጭር ነው፤ የአባትህ ክላሽ ከቤት አይወጣም።

አባትህ ግን ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ቆላው ሰፊ ነው፣ ሰው አልባ ነው፣ ወርቅ ይዞ የሚመለስ ሰው ደግሞ ዓይን ይስባል። እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የማያስቡት ነገር አለ፤ ከወርቁ ይልቅ ጠመንጃው ይፈለጋል። ስድስት ሰው ሁለት ሳምንት ለፍቶ የሚያገኘው ብናኝ ወርቅ ብልቃጥ ውስጥ ተደብቆ ማንም ሳያየው ይገባል። ክላሽ ግን ከሩቅ ይታያል። ዘራፊ ለብናኙ ሲል ላይመጣ ይችላል፤ ለክላሹ ሲል ግን አድፍጦ ይጠብቃል፤ የታጠቀውን ሰው ደግሞ «እጅ ወደ ላይ» ብሎ አይጀምርም፣ ተኩሶ ነው የሚጀምረው። በዚያ ላይ ክልሉ ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ስድስት የማይታወቁ ጎረምሶች አንድ ክላሽና ሁለት ሽጉጥ ይዘው በረሃ ሲያቋርጡ ያየ ሁሉ ወርቅ ፈላጊ ናቸው ብሎ አያስብም።

የሚያዋጣው የአገሩን ሰው መቅጠር ነው። ወደምትሰፍሩበት ቀበሌ አስቀድማችሁ ሄዳችሁ በሊቀመንበሩ በኩል አንድ ሰው ይሰጣችሁ፤ በራሱ ስም ፈቃድ ያለው፣ የራሱን መሣሪያ የሚይዝ፣ ዕድሜው በሰል ያለ። ጥቅሙ በጠመንጃው ብቻ አይደለም። የትኛው ወንዝ የማን እንደሆነ፣ የማን ከብት የት እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን ደም እንደሚፈላለግ ያውቃል። ከሩቅ ሰው ሲመጣ በአረማመዱ ይለየዋል፤ ተጠራርተው ነገሩ በሰላምታ ያልቃል። የቀን አበሉን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ከወርቁ ድርሻ ይኑረው አይኑረውም ከመነሳታችሁ በፊት ይለይ። እዚያ ወርዳችሁ ወርቅ ከታየ በኋላ የሚደረግ ድርድር ጠመንጃው በእሱ እጅ እያለ የሚደረግ ድርድር ነው።

ወረቀቱንም አትርሱ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማዕድን አምራች ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል፤ ፈቃዱ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም በክልሉ በኩል ነው። የፈቃዱን ቅጂ አንተም ጠባቂውም በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ሌላው ጥንቃቄ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቋራ ውስጥ ነው፣ ስፋቱ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይገናኛል። እዚያ ውስጥ መቆፈርም መሣሪያ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። አንበሳም አለበት፤ በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ተነሥቷል። ወንዙ ከፓርኩ ሲወጣ «ትንሽ ወደ ላይ ብንሄድ ይሻላል» የሚል ሰው በመካከላችሁ መነሳቱ አይቀርም። ወሰኑን ጠባቂያችሁ ያሳያችሁ፤ ከዚያ አትለፉ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። የሚይዘው ጠባቂው ይሁን ወይም ወደፊት አንተ ራስህ ፈቃድ አውጥተህ ያዝ፣ ስድስታችሁም ይህን ማወቅ አለባችሁ፤ መሣሪያ የማያውቅ ሰው አጠገቡ ያለው ሲሳሳት አይታየውም።

ክላሽ ሲራገፍ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። አፈሙዙ ወደ ለስላሳ አፈር፣ ጣት ከምላጩ ውጭ። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፤ ካርታ የምትሉት ማለት ነው። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ያለው መቆለፊያ ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይ እንዳለ ማቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም። ከዚያ ማቀባበያውን እስከ ጥጉ ጎትተህ ትይዛለህ፤ ውስጡን በዓይንህ ታያለህ፤ ከጨለመ ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ትዳስሳለህ። ባዶ ከሆነ ትለቀዋለህ፣ አፈሙዙ አፈሩን እንዳየ ምላጩን ትስባለህ፣ ቀጭ ይላል፣ መቆለፊያውን ወደ ላይ ትመልሳለህ።

ሰው የሚሞተው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው። ልጁ ካዝናው ሳይነቀል ያቀባብላል፤ አንድ ጥይት ዘልሎ መሬት ላይ ይወድቃል፤ «ይኸው ወጣ» ይላል። ማቀባበያው ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ከዚያ ካዝናውን ይነቅላል፣ መሬት የወደቀችውን ጥይት አንስቶ ኪሱ ይከታል፣ «ባዶ ነው» እያለ ለጓደኛው ያቀብላል። ጥይት አይቷል፣ ካዝናውን ነቅሏል፣ ስለዚህ ከልቡ ያምናል። ጠመንጃው ውስጥ ግን አንድ አለ። መሣሪያ ስትቀበልም ስታቀብልም «ባዶ ነው» የሚለውን ቃል አትቀበል፤ ማቀባበያው ተከፍቶ፣ ውስጡ ታይቶ ይሰጥህ። ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

መቆለፊያው ላይም አንድ ነገር አለ። ላይኛው ቦታ ዝግ ነው፣ መካከለኛው ተከታታይ ነው፣ የታችኛው ነጠላ ነው። በድንጋጤ እስከ ታች ያላወረደው ሰው መካከል ላይ ያቆመዋል፤ አንድ ተኩሶ ለማስፈራራት ያሰበው ሰው ከቁጥጥር ውጭ ሦስት አራት ይለቃል፤ አፈሙዙም በዚያው ወደ ላይና ወደ ጎን ይሄዳል።

በእግር መንገድም በሥራም ላይ መሣሪያው ጥይት አይጎርስም። ካዝናው ተሰክቶ፣ ሳይቀባበል፣ መቆለፊያው ተዘግቶ ይንገቱት። ከዚህ የበለጠ ዝግጁነት የሚያስፈልግበት ሁኔታ ወርቅ ፍለጋ ላይ የለም፤ ማቀባበል አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል። ሙሉ ካዝና የተሰካበት ክላሽ 4 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ በዶማና በአካፋ ላይ ተጨምሮ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ መዋሉን አስብ። አንድ ካዝና ይበቃል። ሁለተኛና ሦስተኛ ካዝና ደረቱ ላይ የደረደረ ሰው ለጥበቃ ሳይሆን ለውጊያ የመጣ ይመስላል።

ጠባቂያችሁ የያዘው ሲሞኖፍ (ኤስ.ኬ.ኤስ.) የሚባለውን ጠመንጃ ከሆነ ሌላ ጠባይ አለው። ካዝናው ከጠመንጃው አይለይም፣ 10 ጥይት ይጎርሳል፣ ከታች እንደ በር ተከፍቶ ይራገፋል። የመምቻው መርፌ በውስጡ በነፃ የሚንቀሳቀስ ነው፤ በቆሸሸ ዘይት ወይም በዝገት ወደ ፊት ተጣብቆ ከቀረ ማቀባበያው ሲለቀቅ ምላጭ ሳይነካ ይተኩሳል፣ አንዳንዴም ያለውን ሁሉ እስኪጨርስ አያቆምም። ከመውረዳችሁ በፊት ተፈቶ መዝጊያው ጆሮ ሥር ይወዝወዝ፤ መርፌው ሲንሸራተት ይሰማል። ካልተሰማ ይጽዳ።

መኪናው። ከጎንደር ተነስታችሁ በአይከል አድርጋችሁ ወደ ገንዳ ውሃ፣ ከዚያ ወደ ሽንፋ በኩል ስትወርዱ ኬላው ከአንድ በላይ ነው። ባለመሣሪያው ሾፌሩን ወይም ረዳቱን ከመሳፈሩ በፊት ይንገር። መሣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫንም፤ ከዓይን ይርቃል፣ በአንድ መቆሚያ ላይ ሊወርድ ይችላል። ካዝናው ተነቅሎ ቦርሳ ውስጥ፣ ጠመንጃው ተፈትሾ በሁለት ጉልበት መካከል፣ አፈሙዙ ወደ ወለሉ። ወደ ላይ አይሁን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከገንዳ ውሃ ወዲያ በአይሱዙ ከተጓዛችሁ ጭነቱ አናት ላይ ሰው ይቀመጣል።

ኬላ ስትደርሱ ፈታሹ መሣሪያውን ሳያየው በፊት ይነገረው። ሁለት እጅ ከፊት፣ ለሁሉም እንዲታይ፣ «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ መሣሪያ አለ፣ ካዝናው ወጥቷል፣ ፈቃዱ በደረት ኪሴ ነው፣ ላውጣ?»። ፈቃዱን መሣሪያው ባለበት ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡ። ወረቀት ልታወጣ የዘረጋኸው እጅ ወደ ጠመንጃው የሄደ ይመስላልና።

ወንዙ ዳር ስትደርሱ ጠላታችሁ ጭቃና አሸዋ ነው። አፈሙዝ ውስጥ ጨርቅ መወተፍ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ አሁኑኑ ተዉት። በችኮላ ተረስቶ የተተኮሰበት ጨርቅ በርሜሉን ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ጭቃ የገባበት አፈሙዝም እንዲሁ ነው። የሚሻለው አፈሙዙን ከውጭ በአንድ ድርብ ስስ የሕክምና ፕላስተር መሸፈን ነው፤ ቢረሳ እንኳ ጥይቱ ቀዶት ያልፋል። ጠመንጃው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ጥይቱ ይራገፍ፣ ማቀባበያው ተከፍቶ አፈሙዙ ወደ ታች ተደፍቶ ውሃው ይንጠፍጠፍ፣ በበርሜሉ ውስጥ ብርሃን ማለፉ ይታይ። ከዚያ በፊት አይተኮስበትም።

ለዘይት የስፌት ማሽን ዘይት በቂ ነው፤ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ከዚያ በጨርቅ መጥረግ። በዘይት የሚያጥበው ሰው ጠመንጃውን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ በረሃ ላይ ግን ዘይት የበዛበት ብረት አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። የኑግ ዘይት በፍጹም አይነካው፤ እየደረቀ ሲሄድ እንደ ሙጫ ይሆናል። ጥይቱ ራሱ ዘይት አይቀባም። የድሮ ጥይት ከተተኮሰ ካፕሱሉ (መርፌው የሚመታው የቀለሁ ቂጥ) የሚተወው ጨው እርጥበት ስቦ በርሜሉን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል፤ በዚያው ቀን በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ዘይት ይነካ። አሮጌ ጥይት ምላጭ ተስቦ ዝም ካለም አትቸኩሉ። አፈሙዙ ወደ አፈር እንደሆነ 30 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ፈዛዛ ከሆነም ቁሙ፤ ጥይቱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከኋላው ሲመጣ በርሜሉን ያፈነዳዋል።

ጉድጓዱ ዳር። ስትቆፍሩ የማትታጠቁ አምስት ወይም ስድስት ናችሁ፣ የታጠቀው አንድ ነው፤ እሱ አይቆፍርም፣ ገበቴም አይዝም። ጠመንጃ በጉድጓድ አፍ ላይ ካለ ድንጋይ ወይም የአፈር ክምር ጋር ተደግፎ አይቆምም፤ አፈሩ ይናዳል፣ ጠመንጃው ታች ያለው ሰው ላይ ይወርዳል። ጠባቂው ከጉድጓዱ 20 እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ጀርባውን ለእናንተ ሰጥቶ ይቀመጥ። ዲቴክተር የሚይዘው ልጅም ከእሱ ይራቅ፤ ጠመንጃውና የጥይቱ ብረት ማሽኑን ያስጮኸዋል። በነገራችን ላይ የመተማ በኩል መሬት በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁበት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጦር አልፎበታል። ማሽኑ ከሚያስጮኸው አብዛኛው ቀለህና እርሳስ ቢሆን አትገረሙ። ዝገት የበላው ክብ ወይም ሾጣጣ ብረት ከታየ ግን ዶማው ይቁም። አትንኩት፣ ምልክት አድርጉበት፣ ለፖሊስ ንገሩ።

ወደ ወንዝ አልጋ አይተኮስም። ጠጠሩና ድንጋዩ ጥይት ያነጥራል፤ ዝቅ ብሎ የተተኮሰ ጥይት ከውሃ ፊት ላይ እንኳ ነጥሮ ይሄዳል። የክላሽ ጥይት ሳይመታ ከሄደ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይበራል። ሠርግ ላይ ተኩሻለሁ ያልከውን እንደ ልምድ አትቁጠረው፤ ወደ ሰማይ የተላከው የሆነ ቦታ ወርዷል፣ የት እንደወረደ ግን አታውቅም። እባብ በጥይት አይገደልም፤ ጫማና ረጅም ዱላ ይበቃል። ለሥጋ ብሎ ድኩላ መምታትም የዱር እንስሳትን አዋጅ ቁጥር 541/1999 መጣስ ነው።

ሌሊት። የራስ ሰው የሚመታው በሌሊት ነው። አንዱ ለሽንት ይወጣል፣ ሲመለስ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ከእንቅልፉ የባነነው «ጅብ!» ይላል። ስለዚህ መፀዳጃው በአንድ በኩል ብቻ ይሁን፤ የሚወጣ ሰው ተረኛውን ነግሮ ይውጣ፤ ሲመለስ ባትሪውን በራሱ ፊት ላይ አብርቶ ስሙን ይጥራ። ተራ ጥበቃው ሁለት ሁለት ሰዓት ይሁን። ተረኛው ባትሪና ፊሽካ እንጂ ጠመንጃ አይዝም፤ መሣሪያው ሳይቀባበል ከባለፈቃዱ ራስጌ ነው፤ ተረኛው የሚቀሰቅሰው እሱን ነው። ለእርስ በርስ ጥሪ ሦስት ፊሽካ በቂ ነው። ሌሊት በቆላ አንድ ጥይት ከጮኸ የሚሰማው ሁሉ ታጥቆ ይነሳል፤ ማን እንደተኮሰ ሳያውቅ ወደ ድምፁ የሚመልስም ይኖራል። አረቄ ደግሞ ካምፕ ውስጥ አይገባም። ጠባቂያችሁ የሚጠጣ ከሆነ ሌላ ሰው ቅጠሩ፤ «ትንሽ ብቻ» የሚለውን አትስሙ።

ሰው ከተመታስ? ደሙ ከእጅ ወይም ከእግር እየተፈናጠረ ከሆነ ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ቢያንስ 4 ጣት ስፋት ባለው የነጠላ ቅዳጅ ይታሰር፤ አንድ እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አዙሩት፣ እንጨቱን እሰሩት። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ጻፉ። ቢያመውም፣ ቢለምንም አትፍቱት። ብሽሽት፣ ብብት ወይም አንገት ከሆነ ማሰር አይቻልም፤ ንጹሕ ጨርቅ ወደ ቁስሉ ውስጥ እየጠቀጠቁ በሙሉ ክብደት መጫን ነው። ገንዳ ውሃ ላይ ሆስፒታል አለ፣ ትልቁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከምትሰፍሩበት እስከ መኪና መንገድ ስንት ሰዓት በእግር እንደሚያስኬድ፣ ስልክ የሚይዘው የትኛው ኮረብታ ላይ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አረጋግጡ።

ውሻውን አዎ ውሰዱት፤ ከሁለቱም ሽጉጥ ይሻላል። እናንተ ሳትሰሙ ይሰማል፣ የሚጮኸውም ሰው ሳይቀርብ ነው። ጠባቂውን እንዲለምድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሱ ይመግበው። የበሰለ ሥጋና አጥንት ካምፕ ውስጥ አይደር፤ ከመኝታችሁ 100 እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ ዛፍ ላይ ስቀሉት፣ ጅብ የሚመጣው እሱን ተከትሎ ነው። ውሻውም ሌሊት እሳቱ አጠገብ ይታሰር፤ ካልታሰረ ጅብ ከራቀ ቦታ እየጮኸ ያወጣዋል፣ ነብር ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።